የምጽራሓ መቃብርና የታሪክ ጸሐፊ ዕዳ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱን አሟሟት በሰፊው ተርኳል። ጎንደር ተቀምጦ የሀገሩን ወሬ ከሀገሩ ሰዎች ሰምቷልና ድካሙ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የቤተ መንግሥቱን ምክር ሲያበዛ መቃብሩን በጥቂት ቃል አለፈው፤ የነገሩ ፍሬ ግን በመቃብሩ ነው።

ኢያሱ የአባቱን የዐፄ ዮሐንስን ዐፅም ከጠዳ አፍልሶ በጣና ባሕር ባለችው በምጽራሓ ደሴት በክብር አሳረፈ። ኋላም ልጁ ተክለ ሃይማኖት ከነገሠ በኋላ፥ በ1699 ዓ.ም.፥ በልጁ ወገኖች እጅ ተገደለ፤ ሬሳውም ወደዚያችው ደሴት ተወሰደ። ሰሙ ግድያው ነው፤ ወርቁ ግን አባቱን ያከበረ ልጅ፥ ልጁ ባላከበረው ጊዜ፥ በአባቱ ደሴት ማረፉ ነው። ብሩስ ሰሙን ሲያደንቅ ወርቁን ጣለው።

ቤተ ክርስቲያኑን ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ገደማ አቃጠሉት። የአያቱ የዐፄ ፋሲለደስ ሬሳ ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፥ የልጁና የልጅ ልጁ ማረፊያ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ።

ጣናን ያላየ የአረካ አንባቢ ወደ ምጽራሓ የሚሻገረው በመጽሐፍ ታንኳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚጽፍ ሁሉ ግንቡን መለካት አይብቃው፤ ማን ከማን ጋራ እንዳረፈ ይናገር። የፈረሰውን ድንጋይ ሌላ ድንጋይ ይተካዋል፤ የተረሳውን ስም ግን የሚተካው የለም።