በአንድ እጅ የሚዘጋ ክዳን

አትክልት የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ዓይን የሚያርፈው ከላይ ነው፤ በሣጥን በተደረደረው ቲማቲምና በጆንያው ሽንኩርት ላይ። እኔን የሚስበኝ ግን ከካሶኒው ሥር፣ ከሻንሲው ጎን የታሰረው የላሜራ ሣጥን ነው። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ገመዱና የረዳቱ ብርድ ልብስ የሚያድሩት እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የእኛው በያጆች ናቸው፤ ጥበባቸው ደግሞ በክዳኑ ይታወቃል።

በፒያሳና በመርካቶ መካከል የነበረውን የአትክልት ተራ የክረምት ጭቃ የረገጠ ሰው ይህ ሣጥን ምን እንደሚችል ይገባዋል። ከመቂና ከዝዋይ ማሳ የተነሳው አቧራ፣ ከካሶኒው የሚንጠባጠበው የቲማቲም ጭማቂ፣ ጎማ የሚረጨው ውኃ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ የመኪኖቹ ፈተና ግን አልተለወጠም።

ጥሩ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከሣጥኑ አፍ ነው። የአፉን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ውጭ አንድ ጣት ያህል ብቅ ያደርገዋል፤ ጎሚኒውን የሚለብሰው ይህ ጠርዝ ነው። ጎሚኒው ከሱማሌ ተራ የተገዛ የአሮጌ መኪና በር ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱ ባዶ፣ ሥሩ ላሜራውን ነክሶ የሚይዝ። ክዳኑ ሲዘጋ ከውፍረቱ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል መጨፍለቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ አቧራ ያስገባል፤ ከዚያ ከበዛ ጎሚኒው ተጨፍልቆ ይቀራል።

ማዕዘኑ ላይ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ጎሚኒውን ቆርጦ ያጋጥመዋል። ጥንቁቁ ግን አስቀድሞ የላሜራውን ማዕዘን ክብ ያደርግና ጎሚኒውን ሳይቆርጥ ያዞረዋል። ዙሪያው ሁሉ መጋጠሚያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከታች በኩል ያደርገዋል። ውኃ የሚወርደው ከላይ ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው የማጠፊያው ቦታ ነው። ማጠፊያው ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ከተበየደ፣ ክዳኑ ሲዘጋ በማጠፊያው በኩል ጎሚኒውን ቀድሞ ይደፈጥጠዋል፣ በመቀርቀሪያው በኩል ደግሞ ገና ክፍት ይሆናል። ሰው ያን ጊዜ በጉልበቱ ይገፋል፣ በጉልበቱም ይመታል። ልምድ ያለው በያጅ ግን የተጨፈለቀውን ጎሚኒ ውፍረት ለክቶ፣ ማጠፊያውን በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ይበይዳል። ክዳኑ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዙሪያውን እኩል ይጫናል።

ቀጥሎ ድጋፉ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ክዳኑን የሚሸከመው ቀጭን የጋዝ አሞርዛተር ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ክዳን ተከፍቶ ሲዘረጋ ክብደቱ ከማጠፊያው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። አሞርዛተሩ ከማጠፊያው አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገፋ፣ የሚያስፈልገው ኃይል አምስት እጥፍ፣ 40 ኪሎ ያህል ነው፤ ቱቦው ላይ 400 ኒውተን የሚል የታተመበት ይመረጣል። ይህን ሁሉ ኃይል ስስ ላሜራ ብቻውን አይችለውም፤ ስለዚህ ብሎኑ በሚገባበት ቦታ ከኋላ ወፈር ያለ ላሜራ ይደረባል። ክዳኑ ሲዘጋ የአሞርዛተሩ ዘንግ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይታሰራል፤ ውስጥ ያለው ዘይት ማሸጊያውን እያራሰ ጋዙ እንዳያመልጥ ይጠብቀዋል።

የመጨረሻው ፍተሻ በጠመኔ ነው። የጎሚኒውን ጀርባ በጠመኔ ቀብቶ ክዳኑን ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ ክዳኑ ላይ የሚታተመው ነጭ መስመር ሳይቆረጥ ዙሪያውን ከሞላ ሥራው ተሳክቷል። ከተቆረጠ፣ የተቆረጠበት ቦታ ውኃው የሚገባበት ነው። የባሕር መርማሪዎችም የጭነት መርከብን ትልልቅ የመጋዘን ክዳኖች የሚፈትሹበት አንዱ መንገድ ይኸው ጠመኔ ነው። በጀልባ የዕቃ ማስቀመጫም፣ በአይሱዙ ጎንም ውኃ የሚፈልገው ያንኑ ክፍተት ነው።

ብዙ ሰው ጠንካራ ሣጥን ማለት በኃይል የሚዘጋ ይመስለዋል። እኔ ግን በተቃራኒው አምናለሁ፦ በኃይል የሚዘጋ ክዳን ባለሙያው ያላለቀውን ሥራ በየቀኑ ለረዳቱ ያወረሰበት ነው። በደንብ የተሠራውን ረዳቱ በአንድ እጁ ገመድ ይዞ፣ በሌላው ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። የእንዲህ ያለ ሣጥን ዋጋ ሲነገር በላሜራው ኪሎ ብቻ መከራከር ተገቢ አይደለም። ማጠፊያውን በጎሚኒው ልክ ከፍ ያደረገች እጅ፣ ለዚያች ሚሊ ሜትር ብቻዋን ሊከፈላት ይገባል።