ነጥቧ ስትጠፋ፦ ቢንዲን በሂሳዊ ዓይን ማንበብ

ከ2021 ወዲህ የህንድ ድራማዎች «ዚ ዓለም» በተባለው ጣቢያ አማርኛ እየተናገሩ ሳሎናችን ይገባሉ። አማትና ምራት በእኛው ቋንቋ ይነታረካሉ፣ በእኛው ቋንቋ ይታረቃሉ። አፋቸው ሲተረጎም ግንባራቸው ግን ሳይተረጎም ቀርቷል። በቅንድባቸው መሀል ያለችውን ቀይ ነጥብ ተመልካቹ በራሱ ይፈታታል፤ አንዱ «ያገባች ማለት ነው» ይላል፣ ሌላው «የጣዖታቸው ምልክት ናት»፣ ሦስተኛው ስለ ሦስተኛ ዓይን የሰማውን ያወጋል። ሦስቱም መልሶች ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። የጋራ ጉድለታቸው ነጥቧን ግንባር ላይ ሳለች ብቻ ማየታቸው ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ቢንዲ ይበልጥ የምትነበበው ስትጠፋ ነው የሚል ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠብታ እስከ ዜሮ

«ቢንዲ» የሚለው የሂንዲ ቃል ሥሩ የሳንስክሪቱ «ቢንዱ» ነው፤ ጠብታ ወይም ነጥብ ማለት ነው። በታሚል «ፖቱ»፣ በቴሉጉ «ቦቱ»፣ በቤንጋሊ «ቲፕ» ትባላለች። ወንዶችም የሚቀቡት «ቲላክ» የሃይማኖት ወገንን ይለያል። የቪሽኑ ተከታዮች ወደ ላይ የቆመ ምልክት፣ የሺቫ ተከታዮች ደግሞ በአመድ የተሰመሩ ሦስት አግድም መስመሮች ያደርጋሉ። የሴቶቹ ነጥብ ግን የዚህን ያህል ቁርጥ ያለ መዝገበ ቃላት የላትም።

ቢንዱ የሒሳብ ሰዎችም ቃል ነበር። የጥንት ህንዳውያን ዜሮን በነጥብ ይጽፉ እንደነበር በ1881 በባክሻሊ መንደር የተገኘው የበርች ቅርፊት ጽሑፍ ይመሰክራል። በ17ኛው መቶ ዘመን በአምበር ቤተ መንግሥት የነበረው ባለቅኔ ቢሃሪ ላል «ሳትሳይ» በተባለው ሥራው የቁጥሯን ነጥብና የግንባሯን ነጥብ አገናኝቶ ተቀኝቶባቸዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ የቃሉ ኅብርነት ቶሎ ይገባዋል። ዜሮ ብቻዋን ስትቆም ባዶ ናት፤ ከጎን ስትቀመጥ ግን አንዱን አሥር ታደርገዋለች፣ ስትነሳ ደግሞ አሥሩ ወደ አንድ ይወርዳል። ክብደቷ የሚለካው እሷ ስትነሳ በሚጎድለው መጠን ነው። ይህን ልኬት ይዘን ወደ ተለመዱት መልሶች እንሂድ።

የተለመዱት መልሶችና ወሰናቸው

የሦስተኛ ዓይን ማብራሪያ የሚመዘዘው ታንትራ ከተባለው የሂንዱ ምሥጢራዊ ትምህርት ነው። በ1577 ፑርናናንዳ የጻፈውና ጆን ውድሮፍ በ1919 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የስድስቱ ቻክራዎች (በሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉ የኃይል ማዕከላት) ድርሳን በቅንድቦች መሀል ባለ ሁለት ቅጠል ሎተስ እንዳለ ያስተምራል፤ ስሙም «አጅና» ነው። ድርሳኑ የሚናገረው ግን ዮጊው ዓይኑን ጨፍኖ በውስጡ ስለሚያየው እንጂ ሴቲቱ በመስታወት ፊት ስለምትቀባው አይደለም። ዛሬ ብዙ ሂንዱ ሴቶች ነጥባቸውን በዚህ መንገድ ያስረዳሉ፤ እነሱ እስካመኑበት ድረስም ሕያው ትርጉም ነው። ሕያው ትርጉምን የልማዱ መነሻ አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የጋብቻው መልስ የሚሰናከለው በካርታው ላይ ነው። በሰሜን ህንድ ባለትዳርነትን አጥብቆ የሚናገረው ጸጉር ለሁለት በተከፈለበት መስመር ላይ የሚቀባው ሲንዱር ነው። በደቡብ ይህን ሥራ የሚሠራው በአንገት የሚታሰረው ታሊ ነው። በታሚል አገር ያላገባች ልጃገረድም ፖቱ ታደርጋለች፤ ለሕፃንም ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት ጥቁር ነጥብ ይደረግለታል። ይሁንና መልሱን ጨርሶ መጣል አይቻልም። ባሏ በሕይወት ያለላት ሴት «ሱማንጋሊ» ትባላለች፤ በረከት ያረፈባት፣ ገጿ ለቤት የሚቀና እንደማለት ነው። በማሃራሽትራ ግዛት በጥር ወር በማካር ሳንክራንቲ በዓል ሰሞን ባለትዳር ሴቶች ተጠራርተው አንዷ በሌላዋ ግንባር እርድና ኩምኩም የተባለውን ቀይ ዱቄት ታደርጋለች። ከዚህ ግብዣ በልማድ የምትቀረው መበለቷ ናት። ስለዚህ ነጥቧ ከጋብቻ ይልቅ የምትናገረው ስለ መልካም ዕድል ነው፤ ዕድሉ ግን በባል እስትንፋስ ላይ ተንጠልጥሏል።

ነጥቧ ጌጥ ብቻ ሆናለች የሚለው አዲሱ መልስ ደግሞ የሚነሳው ከቁሱ ነው። ኩምኩም የሚሠራው ከእርድ ዱቄትና ከኖራ ነው፤ ቢጫው እርድ ኖራ ሲነካው ይቀላል። ዛሬ ገበያውን የያዘው ተለጣፊው ቢንዲ ነው፤ ከሳሪው ቀለም ጋር የሚሄድ፣ ክብ፣ እንባ ቅርጽ፣ ባለ ፈርጥ። የቆዳ ሐኪሞች እንደመዘገቡት በአንዳንዱ ማጣበቂያ ውስጥ ያለ ኬሚካል የቆዳውን ቀለም ያጠፋል፤ ቢንዲዋ ስትነሳ በቦታዋ ነጭ ነጥብ ትቀራለች። በዚህ መልስ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሐኪሞቹ ቃል ሳይሆን ታሪክ ነው። ለጌጥ ብቻ የምትለጠፍ ነገር ስትነሳ ያን ያህል ሰው አታስለቅስም፣ ደምም አታፋስስም።

የማጥፋት ታሪክ

በልማዱ ባል ሲሞት ሚስት ኩምኩሟ ይጠረጋል፣ የመስታወት አምባሯ ይሰበራል፣ የጋብቻ ማተቧ ይበጠሳል፣ የእግር ጣቷ ቀለበት ይወልቃል። ይህን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው፤ እሷ ተቀምጣ ይደረግባታል። የእንግሊዝ አገዛዝ በ1856 የሂንዱ መበለቶች ዳግመኛ እንዲያገቡ በሕግ ሲፈቅድ፣ ሕጉ ትዳርን ከፈተ እንጂ በግንባሯ ላይ የሚያርፈውን እጅ አልያዘም። በማሃራሽትራ ኮልሃፑር አውራጃ የሄርዋድ መንደር ምክር ቤት እነዚህን ሥርዓቶች ለማስቀረት የወሰነው በሜይ 2022 ነው፤ የግዛቲቱ መንግሥትም ሌሎች መንደሮች አርአያውን እንዲከተሉ ጠየቀ። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል 166 ዓመት አለ።

ማጥፋት ከቤት ወጥቶ ጎዳና ላይ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል። በጁላይ 1983 በስሪላንካ ታሚሎች ሲታደኑ ፖቱ የሞት መለያ ሆነች፤ ሴቶች ራሳቸውን ለማትረፍ በገዛ እጃቸው ጠረጓት። ባል ሲሞት የሚጠረገው ነጥብ ባልና ልጅ እንዳይሞቱ ተጠረገ። በ1987 በኒው ጀርሲ፣ ጀርሲ ሲቲ፣ በህንዳውያን ላይ የተነሳ ቡድን ለራሱ ያወጣው ስም ትርጉሙ «ነጥብ አጥፊዎች» ማለት ነበር። በዚያው ዓመት በአጎራባቿ ሆቦከን ተደብድቦ የሞተው ህንድ ወለድ የባንክ ባለሙያ ግን ወንድ ነበር፤ በትውልዱም ፓርሲ እንጂ ሂንዱ አልነበረም። በግንባሩ ነጥብ ያልነበረው ሰው ነጥብን በጠላ ዘመን ሞተ። ጥላቻ ምልክቱን ካነበበ በኋላ ምልክቱ መኖር አለመኖሩን እንኳ አይመረምርም።

ተቃራኒው ግፊትም አለ። በኦክቶበር 2021 ከዲዋሊ በዓል በፊት አንዳንድ የህንድ ማስታወቂያዎች ላይ ቢንዲ የሌላቸው ሞዴሎች በመታየታቸው «ቢንዲ ከሌለ ገበያ የለም» የሚል ዘመቻ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሳ። ባዶ ግንባር የእምነት ክህደት ተደርጎ ተነበበ። ከወራት በኋላ፣ በኤፕሪል 2022፣ ዳካ ውስጥ አንድ ፖሊስ አንዲትን መምህርት ቲፕ በማድረጓ አዋከባት። በባንግላዴሽ ቲፕ የሙስሊም ሴቶችም ጌጥ ናት፤ የቤንጋሊነት እንጂ የሂንዱነት መታወቂያ አይደለችም። ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ወንዶችም ቲፕ ለጥፈው ፎቷቸውን አሰራጩ፤ ፖሊሱም ከሥራ ታገደ። እዚያ «ለምን የለሽም?»፣ እዚህ «ለምን አለሽ?»፤ ጠያቂዎቹ የማይስማሙ ቢመስሉም ግንባሯ ለፍርዳቸው ክፍት መሆኑን ሁለቱም ተስማምተዋል።

በሜይ 2025 ደግሞ ሲንዱሩ የጦር ስም ሆነ። በህንድ ከተማ በፓሃልጋም በደረሰ ጥቃት 26 ወንዶች ከተገደሉ በኋላ ህንድ በፓኪስታን ላይ የወሰደችውን ወታደራዊ እርምጃ «ኦፕሬሽን ሲንዱር» አለችው። ለደጋፊዎቹ ስሙ የመበለቶቹን ዕንባ የሚያብስ ነበር። ለተቺዎቹ ግን የሴትን ክብር ከባሏ ሕይወት ጋር ያሰረውን አሮጌ ቋጠሮ መንግሥት ዳግም ያጠበቀበት ነበር። ሁለቱም ንባቦች የቆሙት ሲንዱሩ በተጠረገበት ቦታ ላይ ነው።

መስቀሉና መስታወቱ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶች ግንባር ላይ የተነቀሰውን መስቀል ያየ አንባቢ ሁለቱን ማነጻጸሩ አይቀርም። ሁለቱም በአንድ ቦታ የተቀመጡ፣ ሁለቱም በሴት ገጽ ላይ የሚነበቡ ናቸው። ልዩነታቸው በመጥፋቱ ላይ ነው። ንቅሳት አንዴ ተወግቶ እስከ መቃብር ይሄዳል፤ ባል ቢሞትም ዘመን ቢከፋም ማንም ጠርጎ አይወስደውም። ቢንዲ ግን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ትደረጋለች፤ ለዚህም ነው በየጊዜው አንድ ሌላ እጅ ሊያነሳት ወይም በግድ ሊያኖራት የሚዘረጋው።

ተለጣፊ ቢንዲ የምታደርግ ሴት ማታ ፊቷን ስትታጠብ ነጥቧን ከግንባሯ ነቅላ ለነገ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ትለጥፋታለች። በብዙ የህንድ ቤቶች መስታወት ላይ እንዲህ የተደረደሩ ነጥቦች ይታያሉ። ያንን ማጥፋት ማንም አያዝበትም፣ ማንም አያለቅስበትም። ግንባሯ ባዶ ሆኖ ትተኛለች።