ድንጋይ የገዛሁ መስሎኝ ነበር

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ፣ አፍንጫዬን መስታወት ላይ ለጥፌ አገኘችኝ። በእጄ ባትሪ ይዣለሁ፤ የባትሪው ፊት በቀይ ሴሎፎን ተሸፍኗል። "ምን እያደረግህ ነው?" ስትለኝ፣ "ቀስ በይ፣ እጇን ታስገባብኛለች!" አልኳት። ማን እንደሆነች አሳየኋት። አጠገቤ ተንበረከከች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለታችንም አልተኛንም።

ወገኖቼ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ! እንዲህ ያለ ጉድ ከሶፋዬ ጎን ይፈላል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ 75 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። ሐሳቤ ሁሉ ዓሣ ነበር፤ ያ ብርቱካንማው፣ ባለ ነጭ ቀበቶው። የተጣራ ውሃ ሞላሁ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል በጠበጥኩ፣ ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አደረግሁ፣ ፓምፑን አስነሣሁ። ጥርት ያለ፣ ባዶ ውሃ። ቀጥሎ ድንጋዩ መጣ።

አዎ፣ ድንጋይ! ያውም በካርቶን ታሽጎ ከፍሎሪዳ። ነጋዴዎቹ "ላይቭ ሮክ" ይሉታል፤ ሕያው ድንጋይ ማለት ነው። የፍሎሪዳ ግዛት ከባሕሯ ይህን ድንጋይ መልቀም በ1989 እ.ኤ.አ. ከከለከለች ወዲህ፣ አርቢዎች ከየብስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወስደው በተከራዩት የባሕር ወለል ላይ ይደፉና ለዓመታት ይተዉታል። ባሕሩ ሲለብሰው፣ ሲያድርበት ይከርማል። ከዚያ ጠልቀው ያወጡታል። እማዬ በቪዲዮ ስታየው "ምነው ልጄ፣ አሜሪካ ድንጋይ ጠፋ?" ብላ ሳቀች። ጨመረችም፦ "ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሺህ ዓመት ቢኖር ዋና አይለምድም።" እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሽታ ብቻ ነበር። በመንገድ ላይ የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል። በመመርመሪያዋ ብልቃጥ ውስጥ ጠብታ ስጨምር፣ ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ አረንጓዴ ይሆንብኛል። ሥራው የባክቴሪያዎች ነው፦ አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ተቀብሎ እምብዛም ወደማይጎዳ ናይትሬት ያደርሰዋል። ዱላ ቅብብል በሉት፣ ሯጮቹ ብቻ አይታዩም። በ23ኛው ቀን ብልቃጧ ቢጫ ሆና ቀረች። ለዜሮ አሞኒያ እልል ያለ ሐበሻ ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ከዚያ ቡናማ አቧራ ሁሉን ነገር አለበሰው። ዳያተም የሚባል አልጌ ነው፤ ቅርፊቱ ከሲሊካ የተሠራ፣ የመስታወት ዘመድ። ከእሱ ኋላ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። ስንቱ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ደፍቶ የሚያጥበው እዚህ ላይ ነው! እባካችሁ አትጠቡት! ቆሻሻ የመሰላችሁ ማዕድ ነው፤ ተጋባዦቹ ድንጋዩ ውስጥ ሆነው እስኪመሽ እየጠበቁ ነው።

መጡም። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች አየሁ። የጨው እድፍ መስሎኝ በጨርቅ ልጠርግ ስል ነጥቡ ሮጠ! ኮፔፖድ ይባላሉ። በማጉያ መነጽር ባያት፣ አንዷ እናት የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ ትጓዛለች። በሳምንቱ መቶ ያህል ሆኑ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

እኔን ያሳበደኝ ግን ጭራው ነው። ከድንጋዩ ጠርዝ ከስንደዶ የቀጠነች ቱቦ ወጥታ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት የሞተ ነገር መስላኝ ንቄያት ኖሬያለሁ። አንድ ጠዋት ከጫፏ ጭራ ተዘረጋ! አባቶች ዝንብ የሚከላከሉበት ጭራ፣ ስፋቱ ግን ከምስር ፍሬ የማይበልጥ። ትል ነው! ትል፣ እንዲህ አምሮ! ያ ላባ የሚመስለው አካሉ ምግብ ያጠምድበታል፣ ይተነፍስበታልም። የእጄ ጥላ ሲያርፍበት እልም ይላል። ከደቂቃ በኋላ በጥርጣሬ ጫፉን ያወጣል፣ ከዚያ ሙሉውን። ልጄ "ኩኩሉ!" ትለዋለች፤ እሱ እስኪወጣ ድረስ "አልነጋም" የምለው እኔ ነኝ።

ቀይ ሴሎፎኑስ? አብዛኞቹ የድንጋዩ ነዋሪዎች ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም፤ ስለዚህ ሌሊት ሳያፍሩ ይወጣሉ። ያቺ ባለቤቴን እንቅልፍ የነሣቻት ባለ ቀጫጭን ክንድ የባሕር ኮከብ ዘመድ ናት። ሰውነቷን ቀዳዳ ውስጥ ትታ ፀጉር የመሰሉ ክንዶቿን ብቻ ታወጣለች፤ እየዳሰሰች ፍርፋሪ ትለቅማለች። (ባለ እሾሁን ትል ግን በባዶ እጅ አትንኩ። እኔ ነክቼ ጣቴ ሁለት ቀን ነድዶኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱ ቤቱ ነበር።)

በ52ኛው ሌሊት የሆነውን ስናገር እስካሁን ትንፋሼ ይቆራረጣል። ቀን ቀን ሽምብራ የምታህል ቡናማ እብጠት የነበረችው፣ በጨለማ ተከፈተች! ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ጫፋቸው ነጭ የሆነ ጣቶች ዙሪያዋን አወጣች። ኮራል! አልገዛኋትም፣ አልለመንኳትም፣ ከፍሎሪዳ ባሕር በድንጋዩ ተሳፍራ የመጣች ኮራል! የሽሪምፕ ቁራጭ በወረንጦ አቀረብኩላት። ጣቶቿ የሚናደፉ ሕዋሳት ስላሏቸው ያዙት፤ ቀስ ብለው ወደ መሃል አጠፉት፤ አፏም ተከፈተ። ጎረሰች! ለኮራል ጉርሻ የሰጠ ሰው ነኝ፣ በአክብሮት አናግሩኝ።

እንግሊዛዊቷ አና ታይን በ1846 እ.ኤ.አ. ኮራሎችን ከባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን ቤቷ ወስዳ በሕይወት አቆይታ ነበር። ፓምፕ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በየጊዜው ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። ድሮ ባነበው "ምን አደከማት?" እል ነበር። አሁን ፓምፔ ቢበላሽ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ስገለብጥ አድራለሁ።

እማዬ ዛሬ ስትደውል ከልጅ ልጇ ቀጥላ የምትጠይቀኝ "የድንጋዩ ልጆች እንዴት አደሩ?" ብላ ነው።

አኳሪየም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ዓሣ ለመግዛት አትቸኩሉ። እኛ ቤት የምትመጡም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኑ፤ ጫማችሁን በር ላይ፣ የስልካችሁን መብራት ኪሳችሁ ውስጥ ተዉ። ዓሣ ገና አላስገባሁም።