ኤ27.9 ከመስጠታችን በፊት

አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ኮዲንግ የሚማሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ሐኪሙ ‹ሌፕቶስፓይሮሲስ› ብቻ ብሎ ከጻፈ ኤ27.9 ሰጥቼ ቻርቱን ብዘጋው ምን ችግር አለው?» የሚል። ጥያቄው የሰነፍ አይደለም። የአይሲዲ-10-ሲኤም ማውጫ ላይ የበሽታው ስም ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ሲፈለግ የሚመጣው ይኸው ኮድ ነው፤ ኦዲተርም ስሕተት ነው ብሎ አይጥለውም። እኔ ግን በዚህ ኮድ ላይ ግትር ነኝ። ቻርቱ ውስጥ ማስረጃ ተቀምጦ እያለ ኤ27.9 የሚሰጥ ኮደር መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ ፋይሉን ዘግቷል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቻርት እናስብ። ታካሚው ጎርፍ የገባበትን ምድር ቤት ሲያጸዳ የሰነበተ፣ በአይጥ ሽንት የተበከለ ውኃ እንደነካው የሚገመት ሠራተኛ ነው። ትኩሳት አለው፣ ባቱን ያመዋል፣ ዓይኑ መጀመሪያ ቀልቶ ኋላ ቢጫ ሆኗል። ቢሊሩቢኑና ክሪያቲኒኑ ወጥተዋል፣ ፕሌትሌቱ ወርዷል። የመውጫ ማጠቃለያው ላይ የሰፈረው ግን «ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ አጣዳፊ የኩላሊት ጉዳት፣ ጆንዲስ» የሚል ብቻ ነው። ኮደሩ ኤ27.9 እና ኤን17.9 ይሰጣል፤ አንዳንዱ ለጆንዲሱ አር17 ይጨምርበታል። እያንዳንዱ ኮድ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ነገር ግን አዶልፍ ዋይል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1886 የገለጸው በሽታ ይኸው ትኩሳት፣ ጆንዲስና የኩላሊት ጉዳት በአንድ ላይ የሚታዩበት ነው፤ ለእሱም ኤ27.0 የሚባል የራሱ ኮድ አለ። ሐኪሙ «የዋይል በሽታ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ጆንዲሱ በዚያው ኮድ ውስጥ ይጠቃለል ነበር፤ ኩላሊቱም ከምን እንደተጎዳ መዝገቡን ለሚያነብ ሁሉ ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ የሌላኛው ጎራ ሰዎች ይነሳሉ፤ «ምልክቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ኮደሩ ራሱ ኤ27.0 ይስጥ» ይላሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የላቦራቶሪ ቁጥር በራሱ ምርመራ አይሆንም፤ ሦስቱን ምልክቶች አገናኝቶ ስም የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ከዚያም በላይ ቢጫነት ያለበት ሌፕቶስፓይሮሲስ ሁሉ ኤ27.0 እንዳልሆነ ምደባው ራሱ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-10 ይህን ኮድ የሚሰጠው ኢክቴሮሄሞራጂኤ ለሚባለው የባክቴሪያው ዝርያ ነው፤ የአሜሪካው ቅጂ ደግሞ በዚያው ቁጥር ሥር የዋይል በሽታንና የሌፕቶስፓይራ ጆንዲስን ያስቀምጣል። መሥፈርቱ እንዲህ በሚለያይበት ቦታ የኮደር ግምት ከባድ አደጋ ነው። በስም መመሳሰል መሳሳትም አለ፤ አገር ቤት ለታይፈስ የምናውቀው የዋይል-ፊሊክስ ምርመራ በሌላ ሰው፣ በኤድመንድ ዋይል የተሰየመ ስለሆነ ከዋይል በሽታ ጋር አይገናኝም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ ለሐኪሙ ጥያቄ መላክ ነው፤ አጠያየቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ይህ የዋይል በሽታ አይደለም ወይ?» ብሎ መጻፍ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ደንበኛው ጥያቄ የቢሊሩቢኑን፣ የክሪያቲኒኑንና የፕሌትሌቱን ውጤት ከነቀናቸው ይዘረዝራል፤ ከዚያ «የሌፕቶስፓይሮሲሱ ዓይነት የሚታወቅ ከሆነ ይግለጹ» ብሎ የዋይል በሽታን፣ ሌላ ዓይነትን፣ «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» የሚሉትን ምርጫዎች ጎን ለጎን ያቀርባል። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አይገባበትም።

ተቃውሞ አያጣም። ሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል፣ ሕክምናው እንደሆነ ያው ፔኒሲሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ነው፣ የጤና ቢሮውም ሪፖርቱን ከላቦራቶሪ ያገኛል ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ጥያቄው አጭር የሚሆነውም ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ ቢመሳሰልም የታመሙት ግን አይመሳሰሉም፤ ከሳምንት ትኩሳት በኋላ የዳነውና ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ዳያሊሲስ የገባው በአንድ ኮድ ሲመዘገቡ በሽታው ምን ያህል እንደሚከፋ ከመዝገቡ ማንም ሊያነብ አይችልም። በሪፖርቱ ላይ መመካትም አያዋጣም። ሌፕቶስፓይሮሲስ በአሜሪካ ብሔራዊ የማሳወቂያ ዝርዝር ውስጥ ከ1994 በኋላ አልነበረም፤ የተመለሰው በ2013 ነው። አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ቢቀጥሉም፣ በእነዚያ ዓመታት የበሽታውን ዱካ ከያዙት ጥቂት ሰነዶች አንዱ የሆስፒታል ኮድ ነበር።

ተመላላሽ ታካሚ ላይ ግን ክርክሬ ይቆማል። «ሌፕቶስፓይሮሲስ ይጠረጠራል» ከተባለ ኮዱ የትኩሳቱ አር50.9 እንጂ ኤ27 አይደለም። ተኝቶ የታከመ ከሆነ ሕጉ ይለያል፤ እስከሚወጣበት ድረስ «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ከተጻፈ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። ይህ ለዚህ በሽታ ትልቅ ነገር ነው። ማይክሮስኮፒክ አግሉቲኔሽን የሚባለው ምርመራ ብዙ ጊዜ ሁለት የደም ናሙና ስለሚፈልግና ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚወሰድ፣ ውጤቱ ሲመጣ ታካሚው ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ የመውጫ ማጠቃለያው አንዲት ቃል ኮዱን ትወስናለች።

ይህን ሥራ የምወደው የአንድ ሰው ሕመም በትክክል መመዝገብ አለበት ብዬ ስለማምን ነው። አገር ቤት በነርስነት ወይም በጤና መኮንንነት ያገለገላችሁ ደግሞ የምታውቁት ነገር አለ፤ ወባ ያልተገኘበት ትኩሳት ቶሎ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ይባላል፣ ያልተመረመረ በሽታም መዝገብ ላይ አይገኝም። ትኩሳት ከትኩሳት እንዴት እንደሚመሳሰል የለመደ ዓይን እዚህ ይጠቅማችኋል። ቻርቱን ስትከፍቱ ከማጠቃለያው በፊት የነርሷን ማስታወሻና የታካሚውን የሥራ ታሪክ አንብቡ። በሽታውን በእነሱ ብቻ ኮድ ማድረግ አይፈቀድም፤ ለሐኪሙ በምትልኩት ጥያቄ ላይ ግን በማስረጃነት ይገባሉ። እሱ «መወሰን አይቻልም» ብሎ ከመለሰ ያን ጊዜ ኤ27.9 ስጡ።