የዛገ መገጣጠሚያ የሚፈታ እጅ

ኒው ዮርክ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ መቶ ዓመት የሞላው ቤት የገዛ ሰው አንዳንድ ጊዜ የእንፋሎት ማሞቂያም አብሮ ይረከባል። ምድር ቤት ቦይለር፣ በየክፍሉ ከባድ የብረት ራዲያተር፣ በመካከላቸው ደግሞ ከተገጠመ ጀምሮ ማንም ያልፈታው ቧንቧ አለ። አንድ ክረምት ራዲያተሩ ሥር ያለው ቫልቭ ማንጠባጠብ ይጀምርና ባለሙያ ይጠራል። የመጣውን ሰው በክንዱ አትገምቱት። መጀመሪያ ምን እንደሚነካ እዩ።

የሠለጠነው ሰው መጀመሪያ የሚነካው ማጥፊያውን ነው። ቦይለሩን ከዋናው ማጥፊያ ይዘጋል፣ ከቤተሰቡ አንዱ መልሶ እንዳያበራው ይጠነቀቃል፣ ግፊቱ ዜሮ ገብቶ ብረቱ በእጅ እስኪያዝ ይጠብቃል። የቤት እንፋሎት ግፊቱ ትንሽ ነው፤ በደንብ በተያዘ ቤት በስኩዌር ኢንች 2 ፓውንድ ይበቃዋል። ቁጥሩ ግን አያዘናጋ፦ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይወጣዋል፣ የሚያቃጥለውም በተሸከመው ሙቀት ነው። ቀጥሎ ቧንቧው የተጠቀለለበትን አሮጌ ሽፋን ያያል። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና ሳይመረመር አልነካውም ብሎ ዕቃውን የሚሰበስብ ሰው ከገጠማችሁ ስልክ ቁጥሩን አትጣሉት።

ስለ መፍቻው ትንሽ ልበል። ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ የሚይዘውን ባለ ጥርስ መፍቻ ያወጣው ዳንኤል ስቲልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠራ መብት ሲያገኝበት የሚሠራው ማሳቹሴትስ ውስጥ በማሞቂያ ሥራ በተሰማራ ኩባንያ ነበር። አለቆቹ ወይ ቧንቧው ይበጠስ ወይ መፍቻው ይሰበር ብለው ቢፈትኑት የተበጠሰው ቧንቧው ነው ይባላል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቧንቧው ይበጠሳል የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህም አንድ መፍቻ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አያምረኝም። አንዱ መፍቻ ቧንቧውን ባለበት ይይዛል፣ ሌላው መገጣጠሚያውን ያዞራል። የሚይዝ ከሌለ ጉልበቱ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው የማይታይ የመገጣጠሚያ ጥርስ ይሻገራል፤ ሰውዬው ፈታሁ ብሎ ደስ ሲለው ፎቅ ላይ የተሰነጠቀው እስከ መጪው ብርድ አይታወቅም።

ዘይት ቀብቶ ለነገ የሚቀጥር ሰነፍ አይደለም። ሆኖም ለዘመናት የተጣበቀ ጥርስ ውስጥ ዘይት ብዙ ዘልቆ አይገባም። እሳት ይሻላል፤ የውጭው መገጣጠሚያ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የዝገቱም ማሰሪያ ይላላል። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ በደረቀ እንጨት የተሞላ ነው፣ የተቀባው ዘይትም ይቀጣጠላል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ሳያስጠጋ፣ ውሃ ቧንቧው ውስጥ አለመታፈኑን ሳያረጋግጥ ችቦ የሚለኩሰውን አስቁሙት።

ከሁሉ የማደንቀው ግን መስበር የሚያውቀውን ነው። ክርንና ቲ የሚባሉት መገጣጠሚያዎች ከገበያ በጥቂት ብር፣ ይቅርታ፣ በጥቂት ዶላር ይገዛሉ፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ግን ግድግዳ ሳይፈርስ አይለወጥም። አሮጌዎቹ መገጣጠሚያዎች ደግሞ ጊዛ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ናቸው፦ ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ። ቧንቧው ግን ሲመታ አይሰነጠቅም። ስለዚህ አዋቂው መነጽሩን ያደርጋል፣ በአንድ ጎን ከባድ መዶሻ ደግፎ በተቃራኒው ጎን በሌላ መዶሻ ይመታል፤ ክርኑ ይሰነጠቅና ይወልቃል። ካልሆነም በሴጌቶ ርዝመቱን ተከትሎ ይቆርጣል፣ ጥርሱ ጋ ሊደርስ ሲል ያቆማል፣ የቀረውን በመሮ ይፈነቅላል። የቧንቧውን ጥርስ በባትሪ አብርታችሁ እዩት፦ መጋዙ ጥርሶቹን ሁሉ አቋርጦ ካለፈ እንፋሎቱ መውጫ አግኝቷል።

ይህንኑ መዶሻ ወደ ራዲያተሩ ካዞረ ግን ሙያውን አያውቅም፤ ራዲያተሩም ጊዛ ነው። እዚያ ውስጥ የቀረውን የቫልቭ አንገት ከውስጥ በኩል በስስ የመጋዝ ምላጭ ሁለት ቦታ ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ማጠፍ አለበት። ሥራው አድካሚና አሰልቺ ነው፤ ትዕግሥት ያለውና የሌለው የሚለየውም እዚህ ነው።

አዲሱ ሲገጠም ውሃ ልኩ ከሣጥኑ መውጣት አለበት። በብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች እንፋሎቱ የሚወጣበትና ውሃው የሚመለስበት ቧንቧ አንድ ነው፣ ያዘነብላልም። በመፍታት ግፊያው ቧንቧው ትንሽ ከረገበ ውሃ እዚያ ይቋጥርና እንፋሎቱ ሲገፋው ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ይደበደባል። ራዲያተሩም ወደ ቫልቩ ዘንበል ማለት አለበት። መጨረሻ ላይ ቦይለሩን አብርቶ፣ እንፋሎቱ ደርሶ ቫልቩ እስኪግል ቆሞ መገጣጠሚያውን ይፈትሻል። ከመሄዱ በፊትም ይህን ቫልቭ ወይ ሙሉ ለሙሉ ክፈቱት ወይ ሙሉ ለሙሉ ዝጉት፣ መሃል ላይ ከተዋችሁት ውሃው መመለሻ ያጣል ብሎ ይነግራችኋል። ሳይጠየቅ ከነገራችሁ ሒሳቡን አትከራከሩት።