«ማን» ስም ይጠይቃል

ሊኑክስ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ጥያቄ ለሚያነሳ ሰልጣኝ ሁሉ መልሴ «ማኑዋሉን አንብብ» ነበር። ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሰልጣኝ ዞር ብላ «የየትኛውን ትእዛዝ ማኑዋል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

«ማን» የተባለው የማኑዋል መክፈቻ ትእዛዝ ስም አምጡ ይላል። ጀማሪው ግን የሚያውቀው ሥራውን ብቻ ነው። ፋይል ኮፒ ማድረግ ይፈልጋል፤ ትእዛዙ «ሲፒ» መባሉን ከየት ይወቅ? ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ያወጡት የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ትእዛዞቹን በፊደል ተራ ነበር የደረደረው። ስሙን ለያዘ ሰው እጅግ ምቹ ነው። ሊኑክስም ይህንኑ ልማድ ወረሰ።

ስም ሳይኖር በሥራው መፈለጊያው «አፕሮፖስ» ነው፤ የየማኑዋሉን አጭር መግለጫ ይፈትሻል። እሱም ቢሆን ቃል ይመርጣል። «ፎልደር» ብሎ የፈለገ፣ ፎልደር የሚፈጥረውን «ኤምኬዲር» አያገኝም፤ መግለጫው የሚለው «ዳይሬክተሪስ» ነዋ። በአማርኛ የሚያስብ ልጅ እንግዲህ ሐሳቡን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም ወደ ዩኒክስ ሰዎች እንግሊዝኛ መመለስ አለበት። ይህ ድካም ከስንፍና ጋር ምንም አያገናኘውም።

ስሙን ማወቅ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ኡቡንቱ ላይ የ«ሲዲ»ን ማኑዋል ብትጠይቁ የለም ትባላላችሁ። «ሲዲ» የሼሉ የራሱ አካል ስለሆነ መልሱ ያለው «ሄልፕ ሲዲ» ዘንድ ነው። «ፓስወርድ» ለመቀየሪያው ትእዛዝም፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ላለበት ፋይልም «ፓስደብልዩዲ» የሚል አንድ ስም ነው ያለው። ቁጥር ካልጨመራችሁ የሚከፈተው የትእዛዙ ነው፤ ፋይሉን የሚያስረዳው ገጽ ክፍል 5 ውስጥ ተቀምጧል።

ደግሞ ማኑዋሉ ተከፍቶ መውጫው የሚጠፋበት አለ። መስኮቱን ዘግተው እንደ አዲስ የሚጀምሩ ስንቶችን አይቻለሁ! «ኪው»ን መጫን ብቻ ነበር፤ በገጹ ውስጥ ቃል ለመፈለግ ደግሞ ስላሽ።

ይህ ሁሉ መመሪያ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ከማሽኑ ጋር አለ። ሊኑክስ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሌላው ትእዛዝ ሁሉ አስቀድማችሁ «አፕሮፖስ»ን፣ «ሄልፕ»ንና «ኪው»ን አሳዩልኝ።