የመደራረብ ደንብና በነጥብ የሚገዛ ሠራዊት፦ የ«ስኳድ ሊደር» ጨዋታ ሲመረመር

በአሜሪካዊው ጆን ሂል ተነድፎ በአቫሎን ሂል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው «ስኳድ ሊደር» የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የእግረኛ ውጊያ በሰሌዳ ላይ የሚያስመስል ጨዋታ ነው። የመምህራንን ትኩረት ሊስብ የሚገባው በመጀመሪያ የደንቡ አቀራረብ ነው። አሥራ ሁለት የውጊያ ሁኔታዎች በተከታታይ የተዘጋጁ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በስታሊንግራድ እግረኛን ብቻ ያሰልፋል፤ ቀሪው ደንብ የሚያስፈልግበት ሁኔታ ሲደርስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ተጫዋቹ መጽሐፉን በቃሉ ሳይዝ እየሠራ ይማራል።

ሰሌዳው እንደ ማር እንጀራ ባለስድስት ጎን በሆኑ ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። ከአንዱ ክፍል መካከል እስከ ስድስቱ ጎረቤቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ፣ በአራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ በሰያፍ የሚጓዝ የሚያገኘው ያልተገባ ጥቅም እዚህ የለም። እያንዳንዱ ክፍል 40 ሜትር መሬት ይወክላል፤ በአንዱም ውስጥ ከሦስት ጓድ በላይ መደራረብ ክልክል ነው። ደንቡ ላይ ላዩን ሲታይ የቦታ ጥበትን ብቻ የሚገልጽ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ተጫዋቹን በሁለት ወገን ይስበዋል። መሪው በአንድ ክፍል አብሮት ያለውን ጓድ ተኩስ ያጠናክራል፤ የተደናገጠውንም ያረጋጋል፤ ስለዚህ መሰባሰብ ያጓጓል። የጠላት ተኩስ በዚያው ክፍል ላይ ሲወርድ ደግሞ በውስጡ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ይፈተናሉ። ይህን በቃል ከሚነገረው ማብራሪያ ይልቅ ሁለት ጓድ በአንድ ተኩስ ያጣ ተጫዋች በሚገባ ይረዳዋል።

ጉድለቱ የሚታየው ጨዋታው ለተጫዋቹ የራሱን ሠራዊት በተመደበለት ነጥብ እየገዛ እንዲያደራጅ ሲፈቅድለት ነው። እያንዳንዱ ጓድና ታንክ ዋጋ ተቆርጦለታል፤ ዋጋው ግን በፍርስራሽ ከተማም ሆነ በገላጣ ሜዳ አንድ ነው። ከዚህ የሚከፋው ከመደራረብ ደንቡ ጋር ያለው ግጭት ነው። ገደቡ የሚቆጥረው የጓድን ቁጥር እንጂ ኃይሉን ስላልሆነ፣ ምርጡም ተራውም ጓድ እኩል ቦታ ይይዛል። መጋዘን በጆንያ ቁጥር ብቻ ሲከራይ ነጋዴው ውድ የሆነውን እህል መርጦ እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ብልህ ተጫዋችም ሦስቱን ቦታ በምርጥ ጓዶች ይሞላል። በብዛቱ የሚመካው ሠራዊት በወረቀት ላይ እኩል ነጥብ ይዞ ወደ ጠባብ መንገድ ሲገባ ብዛቱ ከንቱ ይሆንበታል። በስታሊንግራድ የተዋጉ የጦር አዛዦች ግን በእጃቸው ባለው ኃይል ተዋጉ እንጂ ከዋጋ ዝርዝር መርጠው አልገዙም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የተሻሻለው እትም መሣሪያው የሚገኝበትን ብርቅነት በዋጋው ስሌት ውስጥ አስገብቷል። እርምጃው የሚደገፍ ነው፤ ነገር ግን ብርቅነት አንድ ነገር፣ የቦታ ጥበት ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ ክፍል ለመሞከር የሚያስብ መምህር ግዢውን ወደ ጎን ትቶ በተሰጠ ሠራዊት ቢጀምር ይመረጣል። ከዚያም ገደቡን ከሦስት ጓድ ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ፣ የትኛው ወገን እንደሚጎዳ ተማሪዎቹ ጨዋታው ሳይጀመር በጽሑፍ እንዲገምቱ ማድረግ ይቻላል።